ሌሊት የሠራ ሰው ቀን እንዴት ይተኛ? ሲነቃስ ራሱን ለምን ያመዋል?



በዲላና በዙሪያዋ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚያድረው ሰው ብዙ ነው። በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል ተረኛ ሆነው የሚያድሩ ነርሶች፣ አዋላጆችና ሐኪሞች አሉ። በየባንኩና በየመጋዘኑ በር ላይ የሚያድሩ የጥበቃ ሠራተኞች አሉ። እኛ ጧት የምንበላውን ዳቦ ሌሊት የሚያቦኩ አሉ። ከአዲስ አበባ በሐዋሳና በዲላ አልፎ ሞያሌ በሚደርሰው መንገድ ላይ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶች አሉ። የቡና ወቅት ሲመጣ ደግሞ ቁጥራቸው በአንድ ጊዜ ይጨምራል። ከጥቅምት ጀምሮ በይርጋጨፌ፣ በወናጎ፣ በኮቸሬና በገደብ ገበሬው ቀኑን ሙሉ የለቀመው እሸት ቡና መፈልፈያው የሚደርሰው አመሻሽ ላይ ነው። እሸት ቡና ካደረ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ በዚያው ሌሊት ይፈለፈላል። ጀነሬተሩ እያጉረመረመ ቀዩ ቡና ከውሃ ጋር ወደ ማሽኑ ይወርዳል፤ ገለፈቱ በአንድ በኩል፣ ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል። ሠራተኛው ቦት ጫማውን አድርጎ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ ወፍ እስኪንጫጫ ይቆማል። ዓለም “ይርጋጨፌ” እያለ የሚያደንቀው ቡና በእነዚህ ሰዎች ሌሊት ውስጥ ያለፈ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አፍ ደጋግሞ የሚሰማ ስሞታ አለ፦ “ቀን ተኝቼ ስነሳ ራሴን ይፈልጠኛል።” ጎረቤትም መልሱን አያጣም፤ “ቀን መተኛት ራስ ያሳምማል” ይባላል። እኔ ዛሬ የቆምኩት ይህን አባባል ለመሞገት ነው። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው እንቅልፉ አይደለም። ራስ ምታቱን የሚያመጡት በእንቅልፉ ዙሪያ ያሉ ነገሮች ናቸው፦ የቡናው ሰዓት፣ ከሰሉ፣ ብርሃኑና ሙቀቱ፣ ያልተጠጣው ውሃ። አብዛኞቹን ደግሞ ያለ ብዙ ወጪ ማስተካከል ይቻላል።

መጀመሪያ ቀን መተኛት ለምን እንደሚከብድ እንይ። በሰውነታችን ውስጥ ሁለት ነገሮች እንቅልፍን ይቆጣጠራሉ። አንደኛው ድካም ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎላችን ውስጥ ይጠራቀማል፤ እሱ ሲበዛ ዓይናችን ይከብዳል፤ ስንተኛ ይቀንሳል። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በአንጎል ውስጥ ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ የሚገኝ እጅግ ትንሽ የሴሎች ስብስብ ነው። ሥራው ከባድ ጥናት የተደረገበት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ የሚባሉ ሦስት አሜሪካውያን በዝንብ ላይ ባደረጉት ምርምር ይህ ሰዓት በሴል ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በማሳየታቸው የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ሌሊት የሠራው ሰው ጧት ቤቱ ሲገባ ድካሙ ሞልቶ ፈስሷል፤ የሰውነቱ ሰዓት ግን “ነግቷል፣ ተነሥ” ይለዋል። የሰውነታችን ሙቀት ዝቅ የሚለው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ እየጨመረ ይሄዳል። ሙቀቱ እየጨመረ ያለ ሰው እንቅልፍ ቢወስደውም አይዘልቅለትም። ሌሊት የሚሠሩ ሰዎች የቀን እንቅልፍ ከሌሊት እንቅልፍ ከ1 እስከ 4 ሰዓት የሚያጥረው በዚህ የተነሣ ነው። ጧት 2 ሰዓት የተኛው ሰው 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል። ሰነፍ ወይም ጭንቀታም ስለሆነ አይደለም።

ይህን ሰዓት የሚያስተካክለው ዋናው ነገር ብርሃን ነው፤ እኛ ደግሞ ብርሃን አይጎድለንም። ዲላ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች። የሌሊት ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲሄድ ፊት ለፊቱ ያቺ ፀሐይ አለች። ዓይኑ ውስጥ የገባው ብርሃን እንቅልፍ የሚያመጣውን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ያስቆመዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፦ ከሥራ ስትወጡ ባለ ግንባር ኮፍያ ወይም ጥቁር መነጽር አድርጉ፤ መንገድ ላይ ጨዋታ ሳታበዙ በቀጥታ ቤት ግቡና ተኙ። ሰዓት ባለፈ ቁጥር እንቅልፉ እየራቀ ይሄዳል።

ጌዴኦ ቡናውን ያለ ጥላ አይተክልም። ከላይ ዋንዛውና ብርብራው፣ ከሥር እንሰቱና ቡናው ተደጋግፈው የሚኖሩበት ይህ አያያዝ በመስከረም 2016 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የቀን እንቅልፍም እንደዚሁ ጥላ ይፈልጋል። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ፣ ካልሆነም በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ሸፍኑት፤ በጠርዙ የሚገባውን ጭረት ብርሃን ሳይቀር ድፈኑት። መስኮቱን መሸፈን ካልተቻለ ዓይንን በጨርቅ ማሰር ይበቃል። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ከ5 ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ይግላል፤ የጋለ ቤት ውስጥ ላብ፣ ላብ ተከትሎ ውሃ ጥም፣ ውሃ ጥም ተከትሎ ራስ ምታት ይመጣል። በቤቱ ውስጥ ፀሐይ የማይመታው ክፍል ካለ አልጋው እዚያ ይሁን፤ በላይ በኩል አየር የሚተላለፍበት ቀዳዳ ይተው።

በፀሐይ ደርቆ፣ አልቦት ተኝቶ የተነሣ ሰው ራሱን ሲያመው “ምች መታው” ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። ዳማከሴውን አልቃወምም፤ ከጓሮ ተቆርጦ በእናት እጅ የታሸ ቅጠል ያጽናናል። ነገር ግን ከዳማከሴው ጋር ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይጠጣ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ደግሞ ምች ነው ብሎ ቤት መቀመጥ አደገኛ ነው። እዚህ አካባቢ፣ በተለይ ወደ አባያ ቆላው በሚወርደው በኩል፣ ወባ አለ፤ የደም ምርመራው በጤና ጣቢያ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

አሁን ወደ ቡናው ልምጣ። በዚህ ርእስ ላይ ረዘም አድርጌ ብናገር አትታዘቡኝ፤ ያለነው ቡና አብቃዩ አገር መካከል ነው።

በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ጉልበት አይጨምርልንም። የሚሠራው ቅድም ያልኳችሁን የአዴኖሲን መቀመጫ ይዞ ድካሙ እንዳይሰማን ማድረግ ነው። አንድ ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹ ከሰውነቱ የሚወጣው በአማካይ በ5 ሰዓት ነው፤ በነፍሰ ጡር ላይ ደግሞ ከዚህ በጣም ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ሰዎቹ ራሳቸው ግን እንቅልፋቸው መጉደሉን በቅጡ አላስተዋሉትም ነበር። “እኔ ቡና ጠጥቼም እተኛለሁ” የሚል ሰው እውነቱን ነው፤ ይተኛል። እንቅልፉ ግን ስስ ነው።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ሲያጣው ራሱን ያመዋል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ በጾም መጀመሪያ ቀን ሁላችንም እናውቀዋለን። ካፌይን በአንጎል ያሉ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ሲቀር ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ጭንቅላትም ይወቅራል። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሰፊ ጥናት እንደሚለው፣ ሕመሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ በቀን 100 ሚሊግራም ብቻ የሚወስድ ሰው ላይም ሊታይ ይችላል።

እንግዲህ ይህን ቁጥር ይዘን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ እንውሰድ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ቡናውን ጠጥቶ ሥራ ገባ። ጧት ቤቱ ሲደርስ “ቡና ከጠጣሁ አልተኛም” ብሎ አቦሉን አልፎ ተኛ። 8 ሰዓት ላይ ነቃ። ከመጨረሻው ስኒ 20 ሰዓት ሆኖታል። ራሱን ያመዋል፤ ጥፋቱም በቀን እንቅልፉ ላይ ይለጠፋል። በሌላ ቤት ደግሞ አንዲት ነርስ ከዲዩቲ ስትወጣ ጧት የተቆላው ቡና ጠረኑ ከደጅ ይቀበላታል። ሰው ተሰብስቧል፤ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ጥሎ መነሣት ነውር ነው፤ በረካውንም ትጠጣለች። ከዚያ አልጋዋ ላይ ስትገላበጥ ትውላለች።

ሁለቱንም የሚያወጣቸው የቡናውን ሰዓት ማስተካከል ነው። የሌሊት ሠራተኛ የመጀመሪያውን ስኒ ሥራ ሲጀምር፣ የመጨረሻውን ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሳያልፍ ይጠጣ። ጧት ሲገባ ውሃ ወይም ትኩስ ወተት ይበቃዋል። ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ማለትም 8 ሰዓት ገደማ፣ ያን ጊዜ ቡናውን ይጠጣ፤ ከመጨረሻው ስኒ ያለፈው 13 ሰዓት ብቻ ስለሆነ ሐራራው አይበረታበትም። ቤተሰቡን የምለምነውም ይህን ነው፦ የሌሊት ሠራተኛ ባለበት ቤት ዋናው ቡና ከሰዓት በኋላ ይፈላ። እሱም ከነበረካው ይጠጣል፤ ጨዋታም አያመልጠውም። ቡና መቀነስ የፈለገ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ አያቋርጥ፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ ስኒ በስኒ ይቀንስ።

ከቡናው ጋር አብሮ የሚመጣው ከሰል ነው፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ነው። በቡሌ ደጋም ሆነ በዝናብ ወራት በዲላ፣ ጀበና የወረደለትን ምድጃ ቤቱን እንዲያሞቅ ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። መስኮቱም ለእንቅልፉ ሲባል ተደፍኗል። “ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው የቀረው” ይባላል። ፍሙ ነው ገዳዩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይይዘዋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን በአንድ ክፍል የተኙት ሁሉ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ወይም ወደ ውጭ ወጥተው አየር ሲያገኙ ከተሻላቸው፣ ከሰሉን ጠርጥሩ። በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም አውጡ፤ ራሱን የሳተ ወይም የተምታታበት ካለ ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ፍም አይግባ። ብርድ ከሆነ ብርድ ልብስ ይደረብ።

ስለ ጫትና ስለ መጠጥም ዝም ብዬ አላልፍም፤ በሞያሌው መንገድ ላይ ያሉ ሹፌሮች ሲያልፉ የሚያሳዝን ነገር እናያለን። ጫት ቅሞ ሌሊቱን የነዳ ሰው ምርቃናው እስኪወርድለት እንቅልፍ አይቀርበውም፤ ለማውረድ ሲል ጨብሲ ይደግምበታል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል፤ ሽንት እያበዛ ውሃውን ያስወጣል። በላዩ ጫቱ ምግብ ዘግቶበታል። እንዲህ ያለ ሰው በራስ ምታት ባይነሣ ነበር የሚገርመው። አውስትራሊያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እኩል እንደሆነ አሳይቷል። ዓይኑ የከበደው ሹፌር መስኮት መክፈትና ዘፈን ማስጮህ አያድነውም፤ መኪናውን ዳር አቁሞ 20 ደቂቃ ይተኛ። ከመተኛቱ በፊት አንድ ስኒ ቡና ቢጠጣ ካፌይኑ ሲነቃ ይደርስለታል።

ስለ አጭር እንቅልፍ ካነሣሁ፣ ቀን ለሚሠሩትም አንድ ነገር ልበል። ተማሪውም አርሶ አደሩም ከምሳ በኋላ ሸለብ ማድረጉ ጤናማ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት ረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎች 40 ደቂቃ እረፍት ተሰጥቷቸው በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል ተኝተው ነበር፤ ንቃታቸውም ካልተኙት ተሽሏል። ችግሩ የሚመጣው እንቅልፉ አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ አንጎል ጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ ነው፤ ከዚያ የተቀሰቀሰ ሰው ይደነዝዛል፣ ራሱ ይከብደዋል፣ ይነጫነጫል። ስለዚህ ወይ ከ30 ደቂቃ በታች፣ ወይ አንዱን የእንቅልፍ ዙር ጨርሶ አንድ ሰዓት ተኩል። ከ9 ሰዓት በኋላ ባይተኛ ይሻላል፤ የሌሊቱን እንቅልፍ ይሻማል። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ መተኛትም የአንገት ጅማትን ይይዝና ወደ ራስ ይወጣል።

ሲነቁ ራስን ከሚያሳምሙት መካከል ጥርስ ማፋጨትም አለ፤ መንገጭላና ጆሮ ግንዱ ላይ አሟችሁ የምትነሡ ከሆነ የጥርስ ሐኪም አማክሩ። ማንኮራፋትም ቀላል ነገር አይደለም። እያንኮራፋ ሳለ ትንፋሹ ጥቂት ቆሞ በድንገት እያፈነው የሚነሣ ሰው በየነቃበት ጊዜ ግንባሩን ተጭኖ የሚይዝ ሕመም ይሰማዋል፤ አብሮ የሚተኛው ሰው ያየውን ለሐኪም ይንገርለት፤ ተኝቶ የነበረው ራሱ አያውቀውምና።

አሁን ለቤተሰብና ለአሠሪ የምለው አለኝ። በእኛ ዘንድ ሌሊት የተኛን ሰው መቀስቀስ ነውር ነው፤ ቀን የተኛውን ግን ማንም እየገባ “ተነሥ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?” ይለዋል። በተለይ ሴቶቹ ያሳዝኑኛል። ሌሊቱን ምጥ ስታዋልድ ያደረች እኅታችን ቤቷ ስትገባ ሊጡ ይጠብቃታል፣ ልጁ ይጠብቃታል፣ ለቅሶ ቤት ትጠበቃለች። በቀን 3 ሰዓት ተኝታ ማታ ተመልሳ የሰው ነፍስ ትይዛለች። የእሷ እንቅልፍ የሥራዋ ክፍል ነው። በሯ ላይ ምልክት ይደረግ፤ ስልኳ ይዘጋ፤ ልጁን ባሏ ወይም አያቱ ይያዙላት፤ ጎረቤት ሬዲዮውን ይቀንስላት። የቡና መፈልፈያ ባለቤቶች ደግሞ ሠራተኛው በየተራ 20 ደቂቃ ጋደም የሚልበት ደረቅ ቦታና የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ብታዘጋጁ በማሽኑ የሚደርሰው የጣት አደጋ ይቀንሳል። ተረኛው በየሁለት ቀኑ ከሌሊት ወደ ቀን፣ ከቀን ወደ ሌሊት አይገላበጥ፤ የሰውነት ሰዓት በአንድ ቀን አይዞርም።

የመጨረሻው ጉዳይ መድኃኒት ነው። ሲያም አንድ ሁለት ቀን ፓራሲታሞል መውሰድ ችግር የለውም። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወራት ያህል ማስታገሻ የሚውጥ ሰው ግን ራስ ምታቱ ከመድኃኒቱ ከራሱ ሊመጣ ይችላል። በየሱቁ እየተሸረፈ የሚሸጥ ክኒን የሚያስከትለው ይህን ነው። የሚከተሉት ሲታዩ ደግሞ ክኒን አትፈልጉ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ፦ በድንገት እንደ ምት የመጣ፣ ከዚህ በፊት አይታችሁት የማታውቁት ኃይለኛ ሕመም፤ ትኩሳትና አንገት አልታጠፍ ማለት፤ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መኮላተፍ፤ በነፍሰ ጡር ላይ ራስ ምታት ከፊት ማበጥ ወይም ከዓይን ብዥታ ጋር፤ ዕድሜው ከ50 ባለፈ ሰው ላይ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት።

ወደ ሐኪም ስትሄዱ ሁለት ሳምንት የያዛችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ በስንት ሰዓት እንደነቃችሁ፣ የመጨረሻውን ቡና መቼ እንደጠጣችሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ከሰል እንደነበረ፣ ሕመሙ ከየት ጀምሮ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ ስንት ክኒን እንደወሰዳችሁ ጻፉበት። መጻፍ የማይችል ካለ ልጁ ይጻፍለት።